ከካርቶን የሚሠራ የልጅ መቀመጫ፦ ልኬቱ፣ ሙጫው፣ ማድረቁ

ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበትና ራሱን ችሎ መቀመጥ የማይችል ልጅ ቀኑን የሚያሳልፈው ተጋድሞ ወይም ታዝሎ ነው። መታዘሉ ጥሩ ነው፤ ጭኖቹን ከፍቶ ስለሚይዝ ለዳሌው ይጠቅመዋል። ተጋድሞ መዋሉ ግን ይጎዳዋል። እጁን ለመጠቀም ዕድል አያገኝም፣ የሰው ፊት አያይም፣ በጀርባው ተኝቶ ሲጎርስም ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ልኩን የያዘ መቀመጫ ይህን ሁሉ ይቀንሳል።

እኛ ይህን መቀመጫ ከካርቶን፣ ከጋዜጣና ከዱቄት ሙጫ እንሠራለን፤ ወላጆችም ራሳቸው እንዲሠሩት እናሳያለን። ካርቶንን የመረጥነው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ልኩ ቢሳት በመጋዝ ይቆረጣል፣ ልጁ ሲያድግ ይቀጠላል፣ ብየዳ ቤት ሳይኬድ እናትም አያትም ቤታቸው ውስጥ ሊሠሩት ይችላሉ። አሠራሩን ሥርዓት አስይዞ ያስፋፋው ዚምባብዌ ውስጥ ያስተምር የነበረ ቤቪል ፓከር የተባለ ሰው ነው። ሰባት ጊዜ ተደራርቦ የተጣበቀና በደንብ የደረቀ ካርቶን ትልቅ ሰው ቢቀመጥበትም አይጎብጥም። እንዲህ ያለ መቀመጫ የሚከሽፈው በአብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው፦ ልኩ ለልጁ ሳይሆን ሲቀር ወይም ካርቶኑ ሳይደርቅ ቀለም ሲቀባ። ስለዚህ እነዚህን ሁለቱን አስረዝመን እንጽፋለን።

መጀመሪያ ግን አንድ ጥንቃቄ። ዳሌው ሲታጠፍ የሚያለቅስ፣ አንድ እግሩ ከሌላው ያጠረ የሚመስል፣ ወይም ጀርባው ተጣሞ በእጅ ሲቃና የማይመለስ ልጅ ከሆነ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ፊዚዮቴራፒስት (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ይየው። የዳሌው አጥንት ከቦታው ወጥቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ በግድ ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ ሕመሙን ያባብሰዋል። መናገሻ እንዳለው ቼሻየር ባሉ የአካል ተሃድሶ ማዕከላት ይህን የሚመረምሩ ባለሙያዎች ይገኛሉ።

ልኬት

ልጁን ስትለኩት ጠንካራ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ሰው ዳሌውን ከሁለቱም ወገን ይዞለት፣ ሌላ ሰው ደግሞ እግሩን ደግፎለት መሆን አለበት። ጭኑ ከወገቡ ጋር፣ ባቱ ከጭኑ ጋር፣ የእግሩ መዳፍም ከባቱ ጋር እንደ ሳጥን ማዕዘን 90 ዲግሪ ይሁኑ። ተቀምጦ መለካት ካልተቻለ በጎኑ አስተኙትና ዳሌውንና ጉልበቱን አጥፋችሁ ለኩት። በጀርባው አስተኝታችሁ እግሩን ዘርግታችሁ የወሰዳችሁት ልክ አይረባም፤ ዳሌው ሲታጠፍ ርዝመቱ ይለወጣል።

አምስት ልኮች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው የዳሌው ስፋት ነው፤ በእሱ ላይ 2 ሳ.ሜ ጨምሩ፣ በየጎኑ 1 ሳ.ሜ ማለት ነው። ሁለተኛው ከመቀመጫው ጀርባ እስከ ቋንጃው ያለው ርዝመት ነው፤ ከእሱ 2 ሳ.ሜ ቀንሱ። ሦስተኛው ከቋንጃው እስከ ተረከዙ ነው፤ ጫማ የሚያደርግ ከሆነ ጫማውን አድርጎ። አራተኛው ከተቀመጠበት እስከ ትከሻው ነው፤ ራሱን መያዝ የማይችል ከሆነ ግን እስከ አናቱ ይለካል። አምስተኛው ከተቀመጠበት እስከ ክርኑ ነው፤ 2 ሳ.ሜ ሲጨመርበት የፊት ጠረጴዛው ቁመት ይሆናል።

ለምሳሌ ዳሌው 22፣ ጭኑ 27፣ ከቋንጃ እስከ ተረከዝ 23፣ እስከ ትከሻው 36፣ እስከ ክርኑ 14 ሳ.ሜ የሆነ ልጅ ቢኖር የመቀመጫው የውስጥ ወርድ 24፣ ጥልቀቱ 25፣ የእግር ማሳረፊያው ከመቀመጫው በታች 23፣ መደገፊያው 36፣ ጠረጴዛው ከመቀመጫው በላይ 16 ሳ.ሜ ይሆናል። ፍራሽ የምታስገቡ ከሆነ ልጁ ተቀምጦበት ሲጠቀጠቅ የሚቀረውን ውፍረት አስቡ፤ ከፍታ የሚቆጠረው ከዚያ ጀምሮ ነው።

ከአምስቱ ልኮች ትልቁን ጉዳት የሚያመጣው የጥልቀቱ ስሕተት ነው። ወላጆች ብዙ ጊዜ «ያድግበታል» ብለው ሰፋና ረዘም እንዲል ይፈልጋሉ። መቀመጫው ከጭኑ ከረዘመ ግን ጠርዙ ቋንጃውን ይገፋዋል፤ ልጁ ጉልበቱን ለማጠፍ ሲል ዳሌውን ወደ ፊት ያንሸራትታል፤ ጀርባው ይጎብጣል፣ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ቀበቶ ቢጨመርም ትራስ ቢደረግም አይቃናም። ለዕድገቱ ማሰብ የሚገባው በሌላ መንገድ ነው፦ ሳጥኑን በ4 ሳ.ሜ አስረዝሙና ከመደገፊያው ፊት 4 ሳ.ሜ ውፍረት ያለው የካርቶን ሰሌዳ አስገቡ፤ ልጁ ሲያድግ ይህ ሰሌዳ ይወጣል ወይም በቀጭን ይተካል። ወርዱም እንዲሁ በየጎኑ 1.5 ሳ.ሜ በሚሆን ተነቃይ ሰሌዳ ይሞላል። እግር ማሳረፊያው ላይም ሁለት ሦስት ቀጫጭን ሰሌዳ ደርቡ፤ ባቱ ሲረዝም አንድ በአንድ ይነሣሉ። በየ4 እስከ 6 ወሩ እንደገና ለኩት።

እግር ማሳረፊያ የሌለው መቀመጫ መቀመጫ አይደለም እንላለን። እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ የሚረግጠው ስለሌለው ሰውነቱ ይበልጥ ይገተራል፣ እጁም ነፃ አይሆንም።

ካርቶኑና ሙጫው

ካርቶን ከቆራሌ፣ ከሱቅ ወይም አዲስ አበባ ላይ ከሚናለሽ ተራ ይገኛል። ከላይ ላለው ምሳሌ 3 የፍሪጅ ወይም 6 የቴሌቪዥን ካርቶን ይበቃል። ዘይት የፈሰሰበትን አትውሰዱ፤ ሙጫ አይዘውም። ሰም የተቀባውን ካርቶንም ተዉት፤ በጥፍር ስትፍቁት ነጭ ነገር ከወጣ ሰም ነው። የረጠበና የሻገተ አይሆንም። ፕላስተሩንና የብረት ስፌቱን ሁሉ አስቀድማችሁ አንሡ።

ለሙጫው 1 ኪሎ ተኩል የስንዴ ዱቄት ያዙ። 1 ኩባያ ዱቄት በ1 ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ እንክብል እስከማይኖረው በጥብጡ፤ የፈላ 3 ኩባያ ውኃ ውስጥ እያማሰላችሁ ጨምሩት፤ መስታወት መስታወት እስኪል 5 ደቂቃ ያህል በዝግታ አብስሉት። ውፍረቱ እንደ አብሲት ሲሆን በቂ ነው። ሳይቀዘቅዝ አትጠቀሙበት። በማግስቱም ይሠራል፤ ከኮመጠጠ ግን ጣሉት፣ የኮመጠጠ ሙጫ አይጣበቅም። ለመገጣጠሚያዎቹና ለላይኛው ልባስ 1 ሊትር ሙጫ ላይ 1 ስኒ ነጭ የእንጨት ኮላ መጨመር ጥሩ ነው። ነቀዝና አይጥ ይከላከላል ብለው የነፍሳት መርዝ የሚጨምሩ አሉ፤ ይህን በፍጹም አታድርጉ። ልጁ ጠረጴዛውን ይልሳል፣ ጠርዙን ይነክሳል። ከነቀዝ የሚጠብቀው መላውን የሸፈነ ቀለም ነው።

ካርቶን በሁለት ወረቀቶች መካከል ሞገድ አለው። ጥንካሬው ያለው በዚያ ሞገድ አቅጣጫ ነው። ስትደራርቡ አንዱን ወደ ቁመት፣ ቀጣዩን ወደ ወርድ እያደረጋችሁ አለዋውጡ። የድርቡ ቁጥር ጎዶሎ ይሁን፤ 5 ወይም 7። ጎዶሎ ሲሆን ሁለቱ የውጭ ፊቶች ሞገዳቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሆን ሲደርቅ እኩል ይሳሳባሉ፤ ተጋማሽ ቁጥር ከሆነ አንዱ ፊት ሌላውን ስቦ ሰሌዳው ይጣመማል። ክብደት የሚሸከሙት የጎን ሰሌዳዎች ከሰባቱ አራቱ፣ የውጭዎቹም ጭምር፣ ሞገዳቸው ቁልቁል ይሁን። ተራው ካርቶን 4 ሚ.ሜ ያህል ስለሆነ ሰባቱ ተጭነው ሲደርቁ 2.5 ሳ.ሜ ገደማ ይሰጣሉ።

ሙጫውን በብሩሽ ስስ አድርጋችሁ በአንዱ ፊት ብቻ ቀቡ። ብዙ መቀባት ጠንካራ ያደርጋል የሚል እምነት አለ፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ሙጫው ሲበዛ ሞገዱ ይርስና ስትጭኑት ይጨፈለቃል፤ የቀረው ስስ ወረቀት ይሆናል። ሲጫን በጠርዙ በኩል ሙጫ የሚንጠባጠብ ከሆነ በዝቷል። ስፌት የሚሆኑትን መጋጠሚያዎች በተለያየ ቦታ አድርጉ፤ ቁርጥራጭ ካርቶን መጠቀም ይቻላል፣ ነገር ግን ስንጥቁ በሌላው ድርብ መሐል ላይ ይረፍ።

መጫንና ማድረቅ

የተጣበቀውን ሰሌዳ በላስቲክ በተሸፈነ ሜዳ ወለል ላይ አድርጉ፣ ላዩን ሌላ ላስቲክ አልብሱ፣ በላዩ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ለመካከለኛ ሰሌዳ ሁለት ጀሪካን ይበቃል። አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት ይቆይ። ከዚያ ላስቲኩን አንሥታችሁ በጠርዙ ግድግዳ ላይ አቁሙት፤ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፤ ጠዋትና ማታ ገልብጡት። ገና ርጥቡን ፀሐይ ላይ የምታሰጡት ከሆነ የውጩ ድርብ ቀድሞ ይደርቅና ሰሌዳው እንደ ሣህን ይጎደጉዳል። ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ከቆየ በኋላ ፀሐይ ቢነካው ችግር የለም።

መድረቁን ማወቅ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ላዩ የደረቀ ሰሌዳ ውስጡ ርጥብ ሊሆን ይችላል። ሁለት መፈተኛዎች አሉ። በጣት ስታንኳኩት ጭው የሚል ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፤ ርጥብ ከሆነ ድምፁ የታፈነ ነው። አስተማማኙ ግን ሚዛን ነው፦ ሰፈር ሱቅ ወስዳችሁ አስመዝኑት፣ ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና አስመዝኑት። ክብደቱ ከቀነሰ ውኃው እየወጣ ነው ማለት ነው፤ ካልቀነሰ ደርቋል። ርጥብ ሰሌዳ ላይ የዘይት ቀለም ከተቀባ ውኃው መውጫ ያጣል፣ ውስጡ ይሻግታል፣ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ሽታ ይጀምራል፣ መሐሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ያ መቀመጫ አይጠገንም። በዚህ ምክንያት ሥራውን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ብትጨርሱት ይመረጣል። በክረምት የግድ ከሆነ ከምድጃ ራቅ ብሎ በላዩ ላይ ባለ መደርደሪያ ማድረቅ ይቻላል፤ ከሁለት ሳምንት በታች ግን አታስቡ።

መቁረጥና መግጠም

የደረቀ ሰሌዳ በቢላ አይቆረጥም፤ ሞገዱን ይጨፈልቃል። ጥርሱ ደቃቅ የሆነ መጋዝ ወይም ሴጌቶ ተጠቀሙ። ክፍሎቹ እነዚህ ናቸው፦ ሁለት የጎን ሰሌዳ፣ መቀመጫ፣ መደገፊያ፣ የእግር ማሳረፊያ፣ ወለል፣ እና ከመቀመጫው ሥር ከጎን ወደ ጎን የሚቆም አንድ ሰሌዳ። ይህን የመጨረሻውን የሚተዉት ብዙዎች ናቸው። ከመቀመጫው የፊት ጠርዝ 8 ሳ.ሜ ገባ ብሎ ይቁም፤ የልጁን ክብደት በቀጥታ ወደ ወለሉ የሚያወርደው እሱ ነው።

የጎን ሰሌዳዎቹና ወለሉ ከመደገፊያው ኋላ 10 ሳ.ሜ ይትረፉ። ሰውነቱ በድንገት የሚገተር ልጅ ራሱን ወደ ኋላ ሲወረውር መቀመጫውን ይዞት ሊወድቅ ይችላል፤ የሚያግደው ይህ ትርፍ ነው።

ሚስማር ካርቶን ውስጥ አይዝም፤ ቀስ በቀስ ቀዳዳውን አስፍቶ ይወጣል። በእሱ ፈንታ 6 ሳ.ሜ የሚረዝም የቀርከሃ ስንጥር ጠርባችሁ፣ በወፍራም ሚስማር ቀዳዳ ከፍታችሁ፣ ሙጫ ነክራችሁ በመዶሻ አስገቡት። በየ8 ሳ.ሜው አንድ፣ አንዱን ወደ ቀኝ አንዱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋችሁ። ከዚያ በየማዕዘኑ ከውስጥም ከውጭም 10 ሳ.ሜ ስፋት ያለውን ስስ ካርቶን መሐል ለመሐል አጥፋችሁ ለጥፉ። ጠርዞቹን ሁሉ ሙጫ በጠጣ አቡጀዲ ሸፍኑ። በመጨረሻ መላውን አካል በጋዜጣ ወይም በቡናማ ወረቀት አራት ጊዜ አልብሱት። ወረቀቱን በመቀስ አትቁረጡ፣ በእጅ ቅደዱት፤ የተቀደደ ጠርዝ ሲለጠፍ ተጋድሞ ይጠፋል፣ የተቆረጠ ግን ከጊዜ በኋላ ይነሣል።

ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱትና የዘይት ቀለም ሦስት ጊዜ ቀቡት። የመጀመሪያውን በአኳራጅ አቅጥኑት፣ ወረቀቱ ውስጥ ይግባ። እርሳስ የሌለበት ተብሎ የተጻፈበትን ቀለም ምረጡ፤ እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል። ሥሩንም መቀባት አትርሱ። የሽንት ጠብታና የወለል እጥበት የሚገባው በሥር ነው። ከሥሩ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ለጥፉበት፤ ከውኃ ከፍ ያደርገዋል፣ እንዳይንሸራተትም ይይዘዋል። ቀለሙ ሽታው እስኪለቅ ልጁን አታስቀምጡት።

ልጁ ከመቀመጡ በፊት ክብደት ፈትኑበት። 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ሁለት ሙሉ ጀሪካን መቀመጫው ላይ አስቀምጣችሁ አሳድሩ። በማግስቱ የጎበጠ ወይም የተሰነጠቀ ነገር ካለ ከሥር ሌላ ሰሌዳ ጨምሩ።

ልጁን መያዝ

ቀበቶው ዳሌውን እንጂ ሆዱን አይያዝ። መደገፊያውና መቀመጫው በሚገናኙበት ማዕዘን በጎኖቹ ላይ ስንጥቅ ክፈቱና 4 ሳ.ሜ ስፋት ያለው ጠፍር፣ የቦርሳ ማንገቻም ይሆናል፣ በዚያ አሳልፉ። ከጭኑ ጋር ሲታይ 45 እስከ 60 ዲግሪ ተዳፍቶ በጭኑ መነሻ ላይ ይለፍ። ሁለት ጣት በሥሩ ጋደም ብሎ ይግባ። ማሰሪያው በአንድ እጅ ቶሎ የሚፈታ ይሁን። ደረቱን ብቻ ማሰር አደገኛ ነው፤ ልጁ ወደ ታች ከተንሸራተተ ጠፍሩ አንገቱ ላይ ይመጣል።

እግሮቹ እንደ መቀስ የሚጣመሩ ከሆነ በጉልበቶቹ መካከል ስፖንጅ የለበሰ ጉብታ አቁሙ። ቦታው ጉልበቱ ዘንድ ነው፤ ብሽሽቱን መንካት የለበትም፣ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ማገጃም አይደለም። መንሸራተትን የሚያግዱት ትክክለኛው ጥልቀትና ቀበቶው ናቸው። አሁንም የሚንሸራተት ከሆነ የመቀመጫውን የፊት ጠርዝ በ2 ሳ.ሜ ከፍ የሚያደርግ ሽብልቅ ጨምሩ። መደገፊያውን ብቻ ወደ ኋላ ማጋደል ግን ይበልጥ ያንሸራትተዋል። ሰውነቱ የዛለና ራሱን መሸከም የሚያቅተው ልጅ ከሆነ መቀመጫውም መደገፊያውም አንድ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ያዘንብሉ፤ ሲመገብ ግን ቀና ብሎ፣ አገጩ ጥቂት ወደ ታች ብሎ ይሁን፤ የሚያጎርሰውም ሰው ከፊቱ፣ በዓይኑ ትክክል ይቀመጥ።

ወደ ቀኝ የሚወድቅ ልጅ በቀኝ ጎኑ ከብብቱ ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ የጎድን አጥንቱን የሚደግፍ ሰሌዳ ያስፈልገዋል። በእሱ ብቻ ግን አይቃናም፤ ዳሌው ወደ ግራ ይሸሻል። ስለዚህ ዳሌው በሁለቱም ጎን መያዝ አለበት። ድጋፉ ብብቱ ውስጥ ከገባ ነርቩን ይጫናል፣ እጁ ይደነዝዛል።

መጀመሪያ ቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። በየቀኑ እየጨመራችሁ እስከ 45 ደቂቃ አድርሱት፤ ከዚያ ቦታ ይቀይር፣ ይጋደም፣ ይታዘል። ካነሣችሁት በኋላ መቀመጫውን፣ ጀርባውንና ተረከዙን እዩ። የቀላ ቦታ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ እዚያ ላይ የሚጫነው ነገር አለና ቆርጣችሁ አስተካክሉ፤ ይህ ሳይስተካከል አይቀመጥበት። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጅ ጀርባ ዳሱት፤ የሚሞቅ ወይም የጠጠረ ቦታ ካለ እንደዚያው ቁጠሩት።

የፊት ጠረጴዛው በሆዱ በኩል ግማሽ ጨረቃ ሆኖ ይቆረጥ፣ ዙሪያው 2 ሳ.ሜ ከፍታ ያለው ጠርዝ ይኑረው። ማንኪያ መያዝ ለሚቸግረው እጀታውን በከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅልላችሁ 3 ሳ.ሜ ያህል አወፍሩት።

ተሽከርካሪ ወንበር ያገኙ ቤተሰቦችም ይህ አሠራር ይጠቅማቸዋል። በእርዳታ የሚመጣው ወንበር ብዙ ጊዜ የትልቅ ሰው ነው፤ ወርዱ 45 ሳ.ሜ አካባቢ ይሆናል። 24 ሳ.ሜ የሚያስፈልገው ልጅ ውስጡ ይዋኛል። በየጎኑ 10.5 ሳ.ሜ የሚሞላ የካርቶን ሰሌዳ፣ ጥልቀቱን የሚያሳጥር መደገፊያ፣ የተንጣለለውን ሸራ የሚያቃና ጠፍጣፋ መቀመጫና ከፍ ያለ የእግር ማሳረፊያ አንድ ላይ አጣብቃችሁ እንደ ሳጥን አስገቡበት። በጠፍር ከወንበሩ ብረት ጋር በአራት ቦታ እሰሩት። መቀመጫውን ከፍ አታድርጉት፤ ልጁ ከፍ ባለ ቁጥር ወንበሩ ወደ ኋላ ለመገልበጥ ይቀርባል፣ ዳገት ላይ በተለይ። ወንበሩ ሲታጠፍ ሳጥኑ መውጣት ስላለበት ቋጠሮው በእጅ የሚፈታ ይሁን።

ሰኔ ከመግባቱ በፊት መቀመጫውን ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ። ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ አለስልሳችሁ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ አስነክታችሁ እንደገና ቀቡት። በጣት ስትጫኑት የሚሰረጉድ ቦታ ካገኛችሁ ያንን ክፍል በመጋዝ አውጥታችሁ በአዲስ ሰሌዳ ተኩት፤ ቀሪውን ማፍረስ አያስፈልግም።